ቀለም ማፍሰስ ሥዕል ነው ወይ? እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ባለፉት ወራት ወደዚህ ዓምድ ከመጡት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ አክሪሊክ ቀለምን አቅጥኖ ሸራ ላይ በማፍሰስ ስለሚሠራ ረቂቅ ሥዕል። ቪዲዮውን በስልካቸው አይተው የጓጉ አሉ፣ ሞክረው የተበሳጩ አሉ፣ «ይህ ደግሞ ሥዕል ሊባል ነው?» ብለው የተቆጡም አሉ። የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥቻለሁ። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ጠቅልያለሁ፣ ረጃጅሞቹንም አሳጥሬያለሁ።

ጥያቄ፦ «አዳማ የምኖር ነርስ ነኝ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም፤ ግን ከሌሊት ተራ ስመለስ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ቀለም ሲፈስ አያለሁ። መሞከር እፈልጋለሁ። ከውጭ የሚመጣው የማፍሰሻ ሚዲየም ግን ዋጋው አይቀመስም። እዚሁ በሚገኝ ነገር ይሠራል? ምን ያህል ቀለምስ ይፈጃል?»

መልስ፦ በሚገባ ይሠራል። እንዲያውም ጀማሪ በርካሽ ዕቃ ቢለማመድ ይሻለዋል። በውድ ቀለም የጀመረ ሰው እጁ ይፈራል፤ የፈራ እጅ ደግሞ ሸራውን እንደ ልቡ አያዘነብልም።

አስቀድመው ቀለሙን ይወቁት። አክሪሊክ የቀለም ዱቄትና በውሃ ውስጥ የተበተነ የአክሪሊክ ሙጫ ድብልቅ ነው። ውሃው ሲተን የሙጫው ቅንጣቶች ይቀራረቡና ይዋሐዳሉ፤ የቀለሙን ዱቄትም አቅፈው ይይዙታል። በውሃ ብቻ ካቀጠኑት ሙጫው ይሳሳል፤ ከደረቀ በኋላም በጣት ሲነካ ይነሣል። ሚዲየም የሚባለው ቀለሙ እንዲፈስ እያደረገ ሙጫውን የማያሳሳ ፈሳሽ ነው። በእርሱ ምትክ አናጺዎች የሚሠሩበትን ነጭ ኮላ መውሰድ ይቻላል። ሁለት እጅ ኮላ ከአንድ እጅ ውሃ ጋር ይበጥብጡ፤ ከዚህ ብጥብጥ ሁለት እጅ፣ ከቀለሙ አንድ እጅ አድርገው ያዋሕዱ። ኮላ ከዓመታት በኋላ ወደ ቢጫነት ሊያደላ ስለሚችል ለሽያጭ በሚቀርብ ሥራ ላይ አልመክረውም። ለመማር ግን ከበቂ በላይ ነው።

ውፍረቱ ላይ አይቸኩሉ። በዝግታ ያማስሉ፤ በኃይል ከመቱት አየር ይገባውና ሲፈስ አረፋ ይሞላዋል። ከዚያ ማማሰያውን ከኩባያው ብድግ አድርገው ቀለሙ ተመልሶ ሲወርድ ይመልከቱ። ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። በወደቀበት ቦታ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ ጉብታው አንድ፣ ሁለት ብለው እስኪቆጥሩ ድረስ ሰምጦ መጥፋት አለበት። አልጠፋ ካለ ጥቂት ጠብታ ውሃ ይጨምሩ። ጭራሽ ጉብታ ካልሠራ ከልክ በላይ ቀጥኗልና ቀለምና ኮላ ይጨምሩበት። ዋናው ቁም ነገር ሁሉም ኩባያዎች በአንድ ውፍረት መሆናቸው ነው። አንዱ ወፍራም ሌላው ቀጭን ከሆነ ቀጭኑ ሸሽቶ ከጠርዝ ይወርዳል፤ ወፍራሙ መሐል ላይ ተኮፍሶ ይቀራል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለእያንዳንዱ 100 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 20 ሚሊ ሊትር ያህል የተበጠበጠ ቀለም ያስቡ። 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰሌዳ ሁሉም ቀለም ተደምሮ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ከፊሉ በጠርዝ ይፈስሳል። ብክነት አይምሰልዎ፤ ከሥር ላስቲክ ካነጠፉ የደረቀውን ልጠው፣ ቆራርጠው ለሌላ ሥራ ይለጥፉታል።

የሚፈስበት ነገር በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ አቡጀዲ ወይም የተቆረጠ ቺፑድ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ነጭ የግድግዳ የውሃ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው ያድርቁ። ለጀማሪ ቺፑዱን እመርጣለሁ፤ ጨርቅ ቀለሙ ሲከብደው መሐሉ ይረግብና ሁሉም ወደዚያ ይጠራቀማል። አራት ኩባያ ደፍተው ሰሌዳውን በላያቸው ያስቀምጡና በውሃ ልክ ይለኩት። ይህችን ሥራ ብዙ ሰው ይንቃታል። ጠረጴዛው ለዓይን ቀጥ ያለ ቢመስልም ጥቂት ካዘነበለ፣ ማታ ወደውት የተኙት ሥዕል ጠዋት ወደ አንድ ጎን ሄዶ ይጠብቅዎታል።

አሁን ቀለም ይምረጡ። ያሉዎትን ቱቦዎች በሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩና ብዙ ሳያስቡ እጅዎ የሄደበትን አንዱን ያንሡ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር የሚጣላ ይሁን። ሦስተኛው ሁለቱን የሚያስታርቅ። ነጭ ይጨምሩ፤ በቃ። አምስት ስድስት ቀለም በአንድ ኩባያ የከተተ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ድፍርስ ቡናማ ነው። ቀይና አረንጓዴ፣ ቢጫና ሐምራዊ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ሲቀላቀሉ ይጠፋፋሉ። የሚጣሉትን ሁለቱን ቀለሞች በኩባያው ውስጥ አያጎራብቱ፤ በመካከላቸው ነጩ ይግባ።

ቀለሞቹን በአንድ ኩባያ ውስጥ ተራ በተራ፣ ከኩባያው ግድግዳ አስጠግተው በቀስታ ይጨምሩ። አያማስሉ። ሰሌዳውን በኩባያው አፍ ላይ ይድፉና ሁለቱን እንደተያያዙ ይገልብጡ። ቀለሙ እስኪወርድ ጥቂት ይታገሡና ኩባያውን ሳያንገራግሩ ቀጥ አድርገው ያንሡ። ቀለሙ ይንሰራፋል። ከዚህ በኋላ ያለው ማዘንበል ነው፤ የሥዕሉ ዕጣ የሚወጣውም እዚህ ላይ ነው። ወደ አንድ ማዕዘን ያዘንብሉ፤ ቀለሙ ጠርዝ ሊደርስ ሲል ወደ መሐል ይመልሱት፤ ከዚያ ወደ ሌላው ማዕዘን። አራቱንም ማዕዘን በአንድ ትንፋሽ ለመሸፈን የሚሮጥ ሰው የሥዕሉን ልብ ከጠርዝ ያወርደዋል። ማዕዘን ላይ ክፍት ቦታ ቢቀር ግድ የለም፤ ከላስቲኩ ላይ ቀለም በጣት አንሥተው ይሸፍኑታል። ዓይንዎ ሰሌዳው መሐል ላይ ይሁን። አንድ የወደዱት ቦታ ሲወጣ ወዲያው ያውቁታል፤ ከዚያ ወዲያ ያንን ቦታ የሚዘረጋ ማዘንበል አያድርጉ። ሰሌዳውን መልሰው ያስቀምጡና ከክፍሉ ይውጡ። እዚያው ቆመው ካዩት እጅዎ አያርፍም።

ጥያቄ፦ «ከባሕር ዳር ነው። የሌሎች ሰዎች ሥራ ላይ ክብ ክብ ዓይኖች ይወጣሉ፤ የእኔ ላይ ግን ቀለሙ መስመር እየሠራ ይቀራል። ሲሊኮን ካልጨመርክ አይወጣም ይሉኛል። እውነት ነው?»

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። እንጀራ ምጣድ ላይ ዓይን የሚያወጣው ከሥር የሚገፋ ነገር ስላለ ነው፤ እዚህም የሚገፋ ነገር ያስፈልጋል። በሊጡ እንፋሎትና አየር ነው፤ በቀለሙ ደግሞ የክብደት ልዩነት።

ነጩ ቀለም የሚሠራበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ከባድ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከ4 ግራም በላይ ይመዝናል። ጥቁሩ የሚሠራበት የካርቦን ጥላሸት የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ነጩን በጥቁሩ ላይ ሲያፈሱ ነጩ ሊሰምጥ፣ ጥቁሩ ሊወጣ ይታገላሉ፤ ጥቁሩም ነጩን እየበሳ ብቅ ብቅ ይላል። ይህን ቀድመው በሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ ሜክሲኳዊው ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ኒው ዮርክ ውስጥ የሙከራ ወርክሾፕ ከፍቶ አንዱን ቀለም በሌላው ላይ እያፈሰሰ የሚወጣውን ያጠና ነበር። ከወርክሾፑ ተሳታፊዎች አንዱ ያኔ የ24 ዓመት ወጣት የነበረው፣ በኋላም ቀለም በማፍሰስ ዝነኛ የሆነው አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ነው። ከ79 ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ የሜክሲኮ የፊዚክስ ተመራማሪዎች የሲኬሮስን አፈሳሰስ በላቦራቶሪ ደግመው ሠርተው ዓይኖቹን የሚፈጥረው ከባዱ ቀለም ከቀላሉ በላይ መሆኑ እንደሆነ አሳይተዋል። ሲኬሮስ ሲሊኮን አልጨመረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተልዎን ይፈትሹ። ኩባያ ገልብጠው ሲያፈሱ ከታች የነበረው ከላይ ይሆናል። ነጩን መጀመሪያ፣ ከኩባያው ሥር ያስገቡት፤ ጥቁሩን ወይም ሌላውን ቀላል ቀለም መጨረሻ ላይ። ሲገለበጥ ነጩ ከላይ ይውላል፤ ትግሉም ይጀመራል። ቀለሙ ከልክ በላይ ከወፈረም አይታገልምና ውፍረቱንም ይዩት።

ሲሊኮን ዘይት ነገሩን ያፋጥነዋል። ዘይቱ ከውሃማው ቀለም ጋር ስለማይስማማ ሲወጣ ቀለሙን ገፍቶ ክፍት ቦታ ያበጃል። ለ100 ሚሊ ሊትር ሁለት ጠብታ ይበቃል፤ ያውም በአንድ ወይም በሁለት ቀለም ውስጥ ብቻ። እኔ ግን ባይጨምሩት እመርጣለሁ። ዓይኖች ሰሌዳውን ሞልተው ሲወጡ ተመልካቹ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣል፤ የአንዱ ሰው ሥራም ከሌላው አይለይም። ጥቂት ዓይን በአንድ ጥግ፣ ከጎኑ ሰፊ ጸጥ ያለ ቀለም ቢኖር ሥዕሉ ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጋራዤ ውስጥ ቀለም አፈስሳለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ባዛር ላይ ሥራዎቼ ተሸጠውልኛል። አብሮ አደጌ ግን ‹ይህን የሠራው ቀለሙ እንጂ አንተ አይደለህም› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሏል። ሰው እያታለልኩ ይሆን?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሮ አደግዎ ያነሡት ጥያቄ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም፤ በቁም ነገር ልመልስልዎ። ቀለሙ የራሱን ድርሻ ይሠራል፤ ያንን መካድ አያስፈልግም። የእርስዎ ድርሻ ከማፍሰሱ በፊት ያዩት፣ ሲያፈሱ ያቆሙበት፣ ከደረቀ በኋላም ያስቀሩትና የጣሉት ነው። ይህን ድርሻ የማይወጣ ሰው አለ፤ የሚወጣም አለ። ልዩነቱ ሥራው ላይ ይታያል።

እርስዎ ከሚኖሩበት ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ዋሽንግተን ውስጥ፣ ሞሪስ ሉዊስ የሚባል ሠዓሊ ነበር። የሚሠራው በቤቱ የምግብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ 3.7 በ4.3 ሜትር ገደማ ነበረች፤ ከእርስዎ ጋራዥ የምትሰፋ አይመስለኝም። ከዚያች ክፍል ግን የአንድን ቤት ግድግዳ የሚሸፍኑ ግዙፍ ሸራዎች ወጥተዋል። አክሪሊክን በጣም አቅጥኖ፣ ከሥር ምንም ባልተቀባ ሸራ ላይ እያፈሰሰ፣ አንዱን ስስ ቀለም በሌላው ላይ ይደርባል። ሲሠራ ማንም እንዲያየው አይፈቅድም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1957 የሠራቸውን አብዛኞቹን ሥዕሎች በገዛ እጁ አጥፍቷቸዋል፤ አልረካባቸውም። በ1962 በ49 ዓመቱ ዐረፈ። አብሮ አደግዎን ይዘው ወደ ከተማዋ ሙዚየሞች ይሂዱና ከአንዱ ሸራው ፊት ለፊት ይቁሙ። ቀለሙ የት እንዲቆም እንደተደረገ ይመልከቱ፤ ባዶ የተተወውን የሸራ ክፍልም ሳይቀር።

ለሉዊስ መንገዱን ያሳየችው አሜሪካዊቷ ሠዓሊ ሔለን ፍራንከንታለር ናት። በ1952 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የ23 ዓመት ወጣት ሳለች፣ በተርፔንታይን የቀጠነ የዘይት ቀለም ወለል ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ አፍስሳ «ተራሮችና ባሕር» የተባለውን ሥዕል ሠራች። ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሸራ ነው። ሉዊስ በተከታዩ ዓመት ስቱዲዮዋ ሄዶ አየው። ሰዎች ይህን ሥዕል ሲያወሱ አፈሳሰሷን ብቻ ያወሳሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ በዚያው ዓመት ክረምት ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ሄዳ የባሕሩን ዳርቻና ድንጋዩን በትንንሽ ወረቀት ላይ በውሃ ቀለም ስትሥል ነበር የከረመችው። ወለሉ ላይ ስታፈስ እጇ የሚያውቀውን ነገር ነው የተከተለችው። «ልብ ያለውን መሥራት» የምንለው ነገር ከዚህ ይመነጫል፤ ብዙ ካየ ዓይን።

የእኛዎቹም እንዲሁ ናቸው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕሎቹ ብዙ ሰው አስቆጥተው ነበር። ነገር ግን ሰው መሣል አቅቶት አልነበረም ወደ ረቂቁ የሄደው። አዲስ አበባ ሲመጡ ስድስት ኪሎ አጠገብ በስሙ የተሰየመውን የዩኒቨርሲቲውን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሳያዩ አይመለሱ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ እዚያው እርስዎ ጎረቤት፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። ከተማዎ በእነዚህ ሰዎች የተባረከች ናት።

አሁን ወደ ጋራዥዎ እንመለስ። ካፈሰሷቸው መካከል ያስቀሩትን አንዱን ይምረጡና ለምን እንዳስቀሩት በአንድ ዓረፍተ ነገር ከጀርባው ይጻፉ። «ቆንጆ ስለሆነ» አይበቃም። የት ቦታ? የትኛው ቀለም ከየትኛው ጋር? መጻፍ ካቃተዎት ያ ሥራ ገና ለባዛር አልደረሰም። መጻፍ ከቻሉ ሥራው የእርስዎ ነው፤ ማንንም አላታለሉም። ገዢ ሲጠይቅዎም በማፍሰስ እንደተሠራ በግልጽ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ ሰሚት። ነሐሴ ላይ ያፈሰስኩት ሥዕል ደህና ደረቀ። ኅዳር ላይ በዚያው ቀለም፣ በዚያው መጠን የሠራሁት ግን ስንጥቅጥቅ አለብኝ። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆን?»

መልስ፦ ቀለሙ ደህና ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ ውሃው ከቀለሙ ቀስ ብሎ ይወጣል። በበጋ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የከተማችን ቀን ደረቅና ፀሐያማ ነው። የቀለሙ የላይኛው ገጽ ቶሎ ይደርቅና ቆዳ ያበጃል፤ ከሥሩ ያለው ግን ገና እርጥብ ነው። የሥሩ ውሃ ቆይቶ ሲወጣ ቀለሙ ይሰበሰባል፤ የደረቀው ቆዳ አብሮት መሰብሰብ ስለማይችል ይቀደዳል። ስንጥቁ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ቀለሙ በወፈረበት ቦታ ነው። ያንተን ሰሌዳ ብታየው እዚያው ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። አብዛኛው አክሪሊክ ከ9 ወይም ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን የሙጫው ቅንጣቶች በሚገባ አይዋሐዱም። በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባ ሌሊት ከዚያ በታች ይወርዳል። ቆርቆሮው ሥር፣ በረንዳ ላይ ወይም ጋራዥ ውስጥ ያደረ እርጥብ ሥዕል በብርድ ይጎዳል።

ስለዚህ በበጋ ስታፈስ ጠዋት አፍስስ፤ ሌሊቱ ሳይመጣ ቢያንስ ገጹ ይይዛል። ማድረቂያ ቦታው የውስጥ ክፍል ይሁን፤ ከመስኮት ራቅ። ማራገቢያም ሆነ ፀሐይ አታሳየው። ካርቶን ደፍተህ ሸፍነው፤ አየር እንዲገባ ከአንድ ጎን በእርሳስ ውፍረት ያህል ከፍ አድርገው። ከሁሉም በላይ ግን ሰሌዳው ላይ የምትተወውን ቀለም ቀንስ። አዘንብለህ ትርፉን በጠርዝ አውርደው፤ ጠርዙ ላይ የተንጠለጠሉትን ጠብታዎችም በየሩብ ሰዓቱ በእንጨት ጥረጋቸው፤ አለበለዚያ ቀለሙን ከላይ እየጎተቱ ያወርዱታል። ለመነካት አንድ ሁለት ቀን፣ በውስጡ ለመድረቅ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል።

በተሰነጠቀው ላይ ሌላ ቀለም አታፍስስበት። አዲሱ ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ይገባና መስመሩ ከላይ ይታያል።

ጥያቄ፦ «ከዱባይ። ሥዕሌ በደንብ ደርቋል፤ ቫርኒሽ ስቀባው ግን እየሸሸ ክብ ክብ ባዶ ቦታ ይተዋል።»

መልስ፦ ሲሊኮን ተጠቅመሻል ማለት ነው፤ ዘይቱ ገጹ ላይ አለ። የቀባሽው ገና እርጥብ ከሆነ ወዲያው ጥረጊው። ሥዕሉ በሚገባ እስኪደርቅ ሦስት አራት ሳምንት ጠብቂ። ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነክረሽ ሳትጫኚ እጠቢው፤ በንጹሕ ውሃ አጥሪው፤ ሲደርቅ ደግመሽ እጠቢው። በጣትሽ ስትዳብሺው የሚያንሸራትት ስሜት ካለ ገና ነው። አልኮል የሚጠቀሙ አሉ፤ ደረቅ አክሪሊክን ስለሚያለሰልስ አልመክርሽም።

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ብሠራው ጉዳት አለው?»

መልስ፦ ይሥሩት፤ ልጆች ከእኛ ይልቅ ደፋር ናቸው። ጓንትና አሮጌ ሸሚዝ ያልብሷቸው፤ አክሪሊክ ልብስ ላይ ከደረቀ አይለቅም። በቪዲዮ የሚያዩትን አረፋ ማጥፊያ እሳት ክፍል ውስጥ አያስገቡ፤ አረፋን በስፒል ጫፍ መውጋት ይበቃል። የተረፈውን ቀለም መታጠቢያ ውስጥ አይድፉ፤ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ይዘጋዋል። ላስቲክ ላይ አፍስሰው ያድርቁት፤ በማግስቱ ልጆቹ እየላጡ ይለጥፉበታል።

ጥያቄ፦ «ደሴ የምኖር የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። ሳፈስ እርጥቡ ሲያበራ ደስ ይለኛል። ጠዋት ስነሣ ግን ጨልሞና ተዘበራርቆ አገኘዋለሁ። ሁሉም ሰው ‹ልብሽን ተከተዪ› ይለኛል፤ ልቤ ግን ምንም አይለኝም። አለቀ የሚባለውስ መቼ ነው? የአንዱን ሥዕል ፎቶ ልኬልዎታለሁ።»

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ስለ መጨለሙ። ኮላውም ሆነ ሚዲየሙ እርጥብ ሳለ ነጣ ያለ ነው፤ ሲደርቅ ይጠራል። ንጣቱ ሲሄድ ቀለሙ ይጠቁራል። ስትበጠብጪ ከምትፈልጊው ትንሽ አፍክተሽ በጥብጪ። ከእያንዳንዱ ኩባያ አንዳንድ ጠብታ ወረቀት ላይ አድርገሽ ካደረቅሽ በኋላ ብታፈስሺ ደግሞ ጠዋት አትደነግጪም።

ልብሽ ዝም ያለው የሚናገረው ነገር ስላልሰጠሽው ነው፤ ይህ በጊዜ የሚስተካከል ነው። አንድ ትንሽ ደብተር ያዢ። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ታያለሽ፤ ጉሙ ተራራውን የሚቆርጥበት መስመር የት ነው? ከጉሙ በላይ ያለው አረንጓዴና ከሥር ያለው አንድ ዓይነት ነው? በገጹ ላይ ሦስት የቀለም ምልክት ብቻ አድርጊ፤ ተራራውን አትሣዪው። ገበያ ስትሄጂም፣ ዝናብ ያረጠበው ግድግዳ ስታዪም እንዲሁ። ለማፍሰስ ስትቀመጪ ደብተሩን ዝጊው። እጅሽ የትኛውን ቱቦ እንደሚያነሣ ያን ጊዜ ታያለሽ።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ከላይ በቀኝ በኩል ጥቁር ሰማያዊው ነጩን ሰንጥቆ የገባበት ቦታ አለ፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ወርቃማ መስመር ተከትሎታል። እዚያ ቦታ ላይ ሰማያዊው ከመግባቱ በፊት ያመነታ ይመስላል፤ ሰፍቶ ሰፍቶ ድንገት ይቀጥናል። በጣም ቆንጆ ነው። ተዘበራረቀ ያልሽው ከታች በግራ በኩል ያለው ነው፤ አረንጓዴውና ቀዩ ተቀላቅለው ቡናማ ሆነዋል፤ ቡናማው ሰሌዳውን እስከ መሐል ይዞታል። ዓይን ወደ ሰማያዊው ልሂድ ሲል ያስቀረዋል።

አትጣዪው። ካርቶን ላይ የእጅሽን መዳፍ የሚያህል መስኮት ቁረጪና በሥዕሉ ላይ እያንቀሳቀስሽ ተመልከቺ። ሰሌዳውንም በአራቱም ጎኑ እያዞርሽ እዪው፤ ላዩ ታቹ መሆን የለበትም ያለ የለም። የት ላይ እንደምትቆሚ ምልክት አድርጊ። ከዚያ ነጭ ቀለም ላይ ጥቂት ሰማያዊና ከዚያም ያነሰ ጥቁር ጨምረሽ፣ ሳታቀጥኚ፣ የማያሳይ ግራጫ አዘጋጂ። ቡናማውን በብሩሽ ሸፍኚው። ስትሸፍኚ በሰሌዳው ላይ ያሉትን የቀለሙን መስመሮች ተከተዪ፤ ቀጥ ያለ ጠርዝ አታድርጊ፤ ቡናማውንም አልፎ አልፎ፣ በጣም በጥቂቱ፣ እንዲታይ ተዪው። ወደ ሰማያዊው ስትቃረቢ ብሩሽሽን አቁሚ፤ ወርቃማው መስመር ጋ አትድረሺ። ግራጫው ሲደርቅ አንድ ወጥ ቀለም፣ ምናልባት ብርቱካናማ፣ ከታች ያስፈልግ እንደሆነ ያን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ላያስፈልግም ይችላል።

ስላለቀበት ጊዜ የጠየቅሽው፣ እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እርቃለሁ። ከዚያ በነጭ ወረቀት አንዱን ክፍል እሸፍነዋለሁ። ተሸፍኖ ሥዕሉ ከተሻለ ያ ክፍል ገና ሥራ ይቀረዋል። ተሸፍኖ ሥዕሉ ከጎደለ ያንን ክፍል አልነካውም። እያንዳንዱ ክፍል ሲሸፈን የሚጎድል ከሆነ ብሩሼን አጥባለሁ። ለመፍረድ አትቸኩዪ፤ አንድ ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረሽ አቆዪውና እንደ አዲስ እዪው።

ግራጫውን ከቀባሽ በኋላ ፎቶውን ደግመሽ ላኪልኝ፤ በቀን ብርሃን አንሺው፣ ፍላሽ አትጠቀሚ።